የሰንበቴው ደላላ ጆሮ የተከፈተበት ዘመቻ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፥ ባጃጅ በከሚሴ አስፋልት ላይ በነገሠች በዐሥራ አራተኛው ዓመት፥ የምግብ ዘይት ሰማይ ወጥቶ አልወርድም ባለ በአራተኛው፥ በወርኀ ጥር፥ የጨፋ ማሽላ በዐውድማ በሚወቃበት ወራት የሆነውን ዓቢይ ዘመቻ እንጽፋለን። የምንጽፈውም ስለ ገናናው፥ ስለ ባለ ሽመሉ፥ ስለ ሰንበቴ የከብት ገበያ ምሰሶ፥ ስለ ደላላው ስለ አያ ሲራጅ ነው። እርሳቸውም የበሬን ዕድሜ አፉን ሳያስከፍቱ በአረማመዱ የሚያውቁ፥ ከቆላ የወጣ የአፋር ነጋዴና ከደጋ የወረደ ገበሬ ቋንቋ ለቋንቋ ሳይግባቡ በእርሳቸው በኩል ተስማምተው የሚለያዩ፥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከገበያው በር በስተግራ ባለው ድንጋይ ላይ የተቀመጡ፥ ድንጋዩንም ዙፋን ያሰኙ ሰው ናቸው።

ስለ ጆሯቸው አስቀድመን እንናገር፥ እስመ የታሪኩ ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ ቆሟልና። በአያ ሲራጅ ድንጋይ ዙሪያ በጸናው የደላላ ሥርዓት ዋጋ በአደባባይ አይጠራም። ሻጭ በደላላው ግራ ጆሮ ያንሾካሹካል፥ ገዢ በቀኝ ጆሮው ያንሾካሹካል፥ ደላላውም የሁለቱን ምሥጢር ይዞ በመካከል ቆሞ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ይጎትታል፥ በሁለቱ ዋጋ መካከል በቀረችው ክፍተትም ቤቱን ያስተዳድራል። ስለዚህ የአያ ሲራጅ ግራ ጆሮ የሻጮች፥ ቀኝ ጆሯቸው የገዢዎች ርስት ነበር።

ወኮነ በዕለተ ኀሙስ፥ አያ ሲራጅ በጨፋ በወንድማቸው ዐውድማ ላይ ቆመው ማሽላ ሲያዘሩ፥ ነፋሱ ሐሳቡን ቀየረ፥ ገለባውም ወደ ሰዎቹ ተመለሰ፥ ከገለባውም መካከል አንዲት ቀይ የማሽላ ፍሬ ተነሥታ በቀኝ ጆሯቸው ገባች። በገባችም ጊዜ ነጋሪት አልተጎሰመም፥ መለከትም አልተነፋ፤ ቢነፋም በዚያ በኩል አይሰማም ነበር።

ባለቤታቸው ሱዓድ፥ የጓዳውና የሙዳዩ እመቤት፥ የኑግ ዘይት አሙቃ በጆሯቸው አፈሰሰች፤ ፍሬዋም ዘይቱን ጠጥታ ወፈረች። አያ ሲራጅ አንገታቸውን አዘንብለው በአንድ እግራቸው እየዘለሉ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞሩ፤ ጎረቤት ሁሉ በአጥሩ ላይ ተደርድሮ አየ፥ ፍሬዋ ግን ከያዘችው አገር አልወጣችም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎች ዱዓ አደረጉላቸው፤ ከተደረገላቸውም ዱዓ የሰሙት ግማሹን ነበር።

ይህ ሁሉ በሌላ ሳምንት ቢሆን በቀላሉ ባለፈ። ነገር ግን መጪው እሑድ ሰንበቴ የሚቆምበት ቀን ነበር፥ በዚያም እሑድ የጎረቤታቸው የነጅዋ ቀይ ጊደር ትሸጥ ዘንድ ተቀጥሮ ነበር። ነጅዋ ባሏ የሞተባት፥ ሣር ክዳን ቤቷ በየበልጉ የሚያፈስባት፥ ከዚያች ጊደር በቀር ጭራ ያለው ነገር የሌላት ሴት ናት። ዝናቡ ሳይመጣ ቤቷን ቆርቆሮ ልታለብስ አስባ የጊደሯን ገመድ በአያ ሲራጅ እጅ አስጨበጠች፥ እንዲህ ስትልም ዐወጀች፦ «አያ ሲራጅ፥ እኔ የገበያ ሰው አይደለሁም። አንቱ በቃሽ ያሉኝ ጊዜ በቃኝ እላለሁ። ከአላህ በታች አንቱን አምኛለሁ።» አያ ሲራጅም ገመዱን ተቀበሉ። የገዢ ጆሮ የሌለው ደላላ ግን በገበያ መካከል የቆመ ግንድ ነውና ቅዳሜ ጠዋት ዘመቻ ታወጀ።

የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ በቀኝ በኩል ሱዓድ፥ ፔርሙስና የዳቦ ሳፋ ይዛ፤ በኋላ የሱዓድ አጎት፥ ራሳቸው ወገባቸውን የሚያማቸውና በዚያው ለመታየት ተስፋ ያደረጉ፤ ከእርሳቸውም ቀጥሎ ሁለት አማቾች፥ አንዱ ከተማ ዐውቃለሁ የሚል፥ ሌላው የሚክደው፤ በመጨረሻም ለከሚሴ ገበያ የምትሄድ አንዲት ሴት ከሁለት ዶሮ ጋር፥ ከዘመቻው ጋር ምንም ጉዳይ ያልነበራት፥ ነገር ግን በሚኒባሱ ወንበር ስለ ተጣበቀች በሠራዊቱ የተቆጠረች። እንዲህ ሆነው ከሰንበቴ ተነሥተው፥ በጨፋ ሜዳ በስተጎን አልፈው፥ በከሚሴ መናኸሪያ ሰፈሩ።

በመናኸሪያውም የባጃጁ ባለሥልጣን አብዱልጀባር ተቀበላቸው፥ የአያ ሲራጅን አንገት መዘንበል አይቶም እንዲህ ሲል ዐወጀ፦ «አካም፥ አያ! አብሽሩ፥ ኮቱ ግቡ! ጤና ጣቢያ አትሂዱ፥ እዚያ ያለው ፓራሲታሞልና ወረፋ ብቻ ነው። እኔ የምወስዳችሁ ዶክተር ዘንድ ነው፥ ወላሂ ስሙን ሲሰማ በሽታው ራሱ ይወጣል። ኪራይም አልፈልግም።» አያ ሲራጅ በግራ ጆሯቸው ሰሙ፤ ኪራይ አልፈልግም በሚለው ቃልም ቅንድባቸው ተነሣ፥ እስመ በሙያቸው ማንም ከብት በነጻ አይነዳምና። ሱዓድ ግን ገብታ ስለ ነበር እርሳቸውም ገቡ።

አሁን ስለ ሁለቱ መንግሥታት እንናገር። ከአስፋልቱ በስተቀኝ የዶክተር ቶፊቅ ክሊኒክ አለ፥ ከአስፋልቱ በስተግራ የዶክተር ጌዲዮን ክሊኒክ አለ፤ እኛም የቀኙን ዘየማን፥ የግራውን ዘፀጋም እንላቸዋለን። ሁለቱም በአንድ ዘመን የተማሩ፥ በአንድ ዓመት የተመረቁ፥ በመካከላቸውም መኪና የሚያልፍበት ስፋት ብቻ የነበረ ናቸው። ዘየማን የደም ግፊት በነጻ እለካለሁ ብሎ ሰሌዳ ሰቀለ፤ ዘፀጋም ግፊትና ስኳር ብሎ የሚበልጥ ሰሌዳ ሰቀለ፤ ዘየማን በሰሌዳው ዙሪያ የሚብለጨለጭ መብራት አዞረ፤ ዘፀጋም ድምፅ ማጉያ በበሩ ላይ አቆመ። ከዚያም ጦርነቱ ወደ ባጃጆች ዞረ፤ አንዱ በሽተኛ ላመጣ ባጃጅ በራስ ይህን ያህል ሲከፍል ሌላው ምሳ ጨመረ፥ አንዱ ሰደርያ ሲያለብስ ሌላው ቤንዚን ሞላ። በዚህም የተነሣ በከሚሴ አንድ ሰው በአስፋልቱ ዳር ቆሞ ቢያስነጥስ ሦስት ባጃጅ ይቆምለት ነበር።

ወእምዝ አያ ሲራጅ በዘየማን ቤት ገቡ። ዶክተር ቶፊቅም ነጭ ካባውን ለብሶ፥ የመስሚያውን ገመድ በአንገቱ አጥልቆ፥ ጆሯቸውን ሳያይ ዐዋጅ አወጣ፦ «ጆሮ ብቻውን አይታመምም። ደም ይታያል፥ ሽንት ይታያል፥ ሰገራ ይታያል፥ ጆሮ በመጨረሻ ይታያል።» የሁሉንም ዋጋ በጸሐፊቱ አፍ አስነገረ። አያ ሲራጅ ዋጋውን በሰሙ ጊዜ ሕመማቸውን ረሱ፥ ሠላሳ ዓመት የለመዱት ነገር በደማቸው ተነሣ፥ ሽመላቸውንም አንሥተው ወደ በሩ ሄዱ። ይህ የደላላ መሄድ ነው፥ ተመለስ እንዲሉት የሚሄዱት።

አልተመለሱም ግን፤ አስፋልቱን ተሻገሩ፥ ሠራዊታቸውም ተከተለ፥ የጭነት መኪናዎችም ጥሩምባ ነፉላቸው። ዶክተር ጌዲዮን በበሩ ቆሞ ጠበቃቸው፥ የድምፅ ማጉያውንም ይዞ ዐወጀ፦ «ያልሰማህ ስማ፥ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ማዶ የጠየቁዎትን ትተው ከዚያ ባነሰ እናክማለን።» አያ ሲራጅ ይህን ይዘው ወደ ቀኝ ተመለሱ፤ ዘየማንም ከዚያ ዝቅ አለ። እንዲህ ሆኖ ገናናው ደላላ አስፋልቱን ሰባት ጊዜ ተሻገሩ። በሦስተኛው የካርድ ዋጋ ወደቀ፤ በስድስተኛው ዘየማን የሆድ አልትራሳውንድ ለምርቃት ጨመረ፥ ምርቃቱም እንዳይከለስ በዚያው ሰዓት አስተኝቶ አነሣቸው፤ በሰባተኛው ዘፀጋም የጆሮን ዋጋ ጨርሶ ጣለው፥ ጆሮ በነጻ ነው አለ፥ አልትራሳውንድም ከማዶው በተሻለ መሣሪያ ደግመን እናነሣለን አለ፥ የላቦራቶሪው ብቻ ይከፈል አለ። አያ ሲራጅም የዶክተር ጌዲዮንን እጅ እንደ ገበያው ልማድ ጨብጠው መቱ። ድሉ ፍጹም መሰለ፤ የሱዓድ አጎት እንኳ ወገባቸውን ረስተው አጨበጨቡ።

ከዚህ በኋላ ስለ ደረሰባቸው ነገር ቢነገር ወረቀት አይበቃም። ደማቸው በሁለት ብልቃጥ ተወሰደ፥ ሽንታቸው በአንድ ተወሰደ፥ ሦስተኛውንም ለመስጠት ከግቢው ጀርባ ብዙ ተጋደሉ። ውጤቱም በወጣ ጊዜ ታይፎይድ ተገኘ፥ ታይፈስ ተገኘ፥ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘ፥ የሪህ ምልክት ተገኘ፤ በኀሙስ ጠዋት ማሽላ ሲያዘሩ የነበሩት ሰው በቅዳሜ ከቀትር በፊት አራት በሽታ ነበረባቸው። ለአራቱም መድኃኒት ታዘዘ፥ መድኃኒቱም ከዚያው ክሊኒክ መስኮት ብቻ ይገዛ ዘንድ ተመከረ። ጆሯቸውን ግን እስከዚያች ሰዓት ማንም አላየውም።

ግሉኮስም ይሰቀል ተባለ። አያ ሲራጅ እንቢ ሊሉ ሲሉ ሱዓድ በሕዝብ ፊት ዐወጀች፦ «አንተ ሰው፥ ሰንበቴ ገብቼ ምን ልበል? ከሚሴ ሄዶ ሳይሰቀልለት ተመለሰ ይበሉህ? የጀይሉ ሚስት ጊዜ ሁለት ነው የተሰቀለላት።» በዚህ ዐዋጅ ላይ ይግባኝ የለምና አያ ሲራጅ አልጋው ላይ ወጡ፥ ግሉኮሱ እስኪመጣም የተሻለውን አልትራሳውንድ ይጠብቁ ጀመር።

መሣሪያው ግን ዘገየ። ነርሷ እየተዘጋጀ ነው አለች፥ ቆይታም እየሞቀ ነው አለች። አያ ሲራጅ በመስኮቱ ወደ አስፋልቱ ሲያዩ የአብዱልጀባር ባጃጅ ከማዶው ክሊኒክ ጓሮ ወጥታ፥ መንገዱን ቆርጣ፥ በግራው ክሊኒክ ጓሮ ገባች። ከኋላዋ በጋቢ የተጠቀለለ፥ እንደ ሽማግሌ ጎብጦ የተቀመጠ ነገር ነበር። ጥቂት ቆይቶም በሩ ተከፈተ፥ የተሻለው መሣሪያ እየተገፋ ገባ። አያ ሲራጅ አዩት፦ በግራ ጎኑ ስንጥቅ አለው፥ ስንጥቁም በአረንጓዴ ፕላስተር ታስሯል፥ ከአራቱ ጎማም አንዱ የለውምና ሲሄድ ያነክሳል። ከአንድ ሰዓት በፊት በዘየማን ቤት ሆዳቸውን ያየው እርሱ ነበር።

በሰንበቴ ጠዋት በአንዱ በር የተሸጠ በሬ ከሰዓት በሌላው በር ቀንዱን ተሞርዶ ቢገባ፥ አያ ሲራጅ በሻኛው ጠባሳ ለይተው ስሙን የሚጠሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ብዙ አልመረመሩም። መሣሪያው የሽርክና እንደ ሆነ፥ የሽርክናውም መሣሪያ ብቻ እንዳልሆነ፥ ሰባት ጊዜ የተሻገሩት አስፋልት የአንድ ቤት ኮሪደር እንደ ነበረ፥ ቀኙ ዋጋ የሚሰቅለው ግራው ሲያወርድ ደስ እንዲላቸው እንደ ሆነ በአንድ ጊዜ ገባቸው። አስቀድሞም አልተቈጡም፤ በሙያው ተደነቁ። የረቀቀ ነው አሉ በልባቸው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው እስከ አሁን ሳይጽፍ የቆየው ነገር አለ። ጀይሉ የሚባለው ሰው፥ ከላይ በሱዓድ ዐዋጅ ሚስቱ የተነሣችው፥ የአያ ሲራጅ የቆየ ባልደረባ ነው። ሥራውም ገዢ መስሎ መምጣት ነው፦ ከብቱን ይሰድባል፥ እጅግ ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል፥ ትቶም ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ሻጩ ይደነግጣል፥ ቀጥሎ የሚመጣው እውነተኛ ገዢ ከጀይሉ ጥቂት ከፍ ሲያደርግ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይሸጣል፥ ትርፉንም ገዢውና ደላላው ከጀይሉ ጋር ይካፈላሉ። ለነጅዋ ጊደር ይህ ነገር ገና ረቡዕ ዕለት ተመክሮ አልቆ ነበር። ገመዱን ሲቀበሉም ያውቁት ነበር።

አያ ሲራጅ በዚያ አልጋ ላይ፥ ሆዳቸው በቀዝቃዛ ቅባት ተለቅልቆ፥ የሚያነክሰውን መሣሪያ እያዩ፥ ከነጅዋ ጊደር ጋር በአንድ ገመድ እንደ ታሰሩ ዐወቁ። አፈሩ። ሠላሳ ዓመት ያላፈሩት ሰው በአንድ ጊዜ አፈሩ፥ ጆሯቸውም ጤነኛው ሳይቀር ቀላ። ከዚያም ተነሥተው ሆዳቸውን በኩታቸው ጠረጉ፥ ሽመላቸውን ያዙ፥ እንዲህ ሲሉም ዐወጁ፦ «ዶክተር፥ ጋሪዳ፥ ጥሩ ነው። ሙያህን አይቻለሁ፥ እኔም በዚሁ እንጀራ ነው የኖርኩት። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፥ እኛ ከብቱን አረማመዱን ሳናይ አንሸጥም። አንተ ጆሮዬን እንኳ ሳታይ ሸጥከኝ።» ይህን ብለው ወጡ።

ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስድ ባጃጅ ግን አልተገኘም፥ እስመ ጤና ጣቢያው በሽተኛ ላመጣ ባጃጅ በራስ የሚከፍለው የለምና። ስለዚህ ሠራዊቱ በእግሩ ተጓዘ፥ በፀሐይ ተጓዘ፥ ከከተማው ዳር ስሙን ወደማንጽፈው ጤና ጣቢያም ደረሰ። በዚያም ተረኛዋ ሲስተር አመልማል ብቻዋን ነበረች። ይህች ሴት የሦስት ወር የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያልወጣላት፥ ቀኙም ግራውም ክሊኒክ በእጥፍ ደመወዝ ነዪ ቢላት አስባበታለሁ እያለች ዓመት የሞላት ናት፤ ለምን እንዳልሄደች ራሷም አታውቀውም። አያ ሲራጅ አራቱን በሽታዎቻቸውን በተራ ሊነግሯት ሲጀምሩ እርሷ መብራቷን አበራች፥ የጆሯቸውን ቅጠል ወደ ላይ ሳብ አድርጋም ወደ ውስጥ አየች። ከኀሙስ ወዲህ በዚያ ጆሮ ውስጥ ያየ የመጀመሪያው የሰው ዓይን ያ ነበር።

ዐዋጇም አጭር ነበር፦ «አባቴ፥ ራስዎን አያነቃንቁ።» ቀጭን መንጠቆ አስገባች፤ ሱዓድ የጀመረችው ቢስሚላህ ሳያልቅ ፍሬዋ ወጣች። አብጣ፥ በዘይት ተብለጭልጫ፥ ልትበቅል ምንም አልቀራትም ነበር። ሲስተር አመልማል በፋሻ ጠቅልላ በእጃቸው አስቀመጠችላቸው፥ ሁለተኛውንና የመጨረሻውንም ዐዋጅ አወጣች፦ «በሽታዎ ይኸው ነው። ጆሮ ውስጥ ዘይት አያፍስሱ። እኒያ ወገባቸውን ይዘው የቆሙት አባት ደግሞ ይምጡ፥ ልያቸው።» አያ ሲራጅም የካርዱን ሒሳብ ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱ፥ ዝቅተኛ መሆኑን ባዩ ጊዜ ግን ቆጥረው ከፈሉ፤ በሕይወታቸው ያልተከራከሩበት ዋጋ ይህ ብቻ ነው።

ወበሳኒታ፥ በዕለተ እሑድ፥ ሰንበቴ ቆመ። ከቆላ ግመልና ፍየል ወጣ፥ ከደጋ በግና በሬ ወረደ፥ አቧራውም ተነሣ። ነጅዋ ቀይ ጊደሯን ይዛ በድንጋዩ አጠገብ ቆመች፥ በነጠላዋም ጫፍ አፏን ሸፈነች። ጀይሉ በምክሩ መሠረት መጣ፥ ጊደሯን ዞራት፥ አጥንቷ የወጣ፥ የማትወልድ፥ ቆዳዋ እንኳ የማይረባ ብሎ ሰደባት፤ ነጅዋም ልጇን የሰደቡባት ያህል አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወደ አያ ሲራጅ ቀኝ ጆሮ ቀርቦ ዋጋውን አንሾካሾከ። የተከፈተ ጆሮ ነበርና ከዋጋውም ጋር የጀይሉን ትንፋሽ፥ የምራቁን ድምፅ፥ በአፉ የያዘውን ሣቅ ሳይቀር ሰሙ።

ያን ጊዜ አያ ሲራጅ በሰንበቴ ታይቶ የማያውቅ ነገር አደረጉ። የተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ቆሙ፥ ጣታቸውንም በቀኝ ጆሯቸው አድርገው ዐወጁ፦ «ያልሰማህ ስማ፥ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጀይሉ በዚች ጊደር የሰጠው የአንድ ሙክት ዋጋ ነው። ጀይሉ ገዢ አይደለም፥ የእኔ ሰው ነው፤ ወላሂ የእኔ ሰው ነው። ነጅዋ፥ ይቅር በይኝ። ከእንግዲህ ይህችን ጊደር የሚፈልግ በአፉ ይናገር፥ ባለቤቷ ራሷ ትስማ።»

ገበያው ሁሉ ወደ ድንጋዩ ዞረ፥ ፍየሎቹ ብቻ አልዞሩም። ከዚያ አንድ የአፋር ነጋዴ ዋጋ ጮኾ ጠራ፥ ሌላው ከደጋ የመጣ ከዚያ በላይ ጠራ፥ ነጅዋም ከነጠላዋ ውስጥ ሆና የራሷን ጊደር ዋጋ በራሷ ጆሮ ሰማች። ረቡዕ ከተመከረላት በእጥፍ ሸጠች። በዚያው ቀን ደላሎች ሁሉ በጉባኤ ተሰብስበው፥ የሙያውን ምሥጢር በአደባባይ ያወጣው ሲራጅ ሦስት ገበያ ይታገድ ብለው ዐወጁ፤ ታገዱም። በአራተኛው እሑድ ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ፥ ዋጋም እንደ ቀድሞው በሹክሹክታ ሆነ፤ ጸሐፊው ይህን አይሸሽግም። ጀይሉ ግን ዳግመኛ አልተጠራም።

በከሚሴም ወሬው በደረሰ ጊዜ ዘፀጋም «የጆሮ ምርመራ በነጻ» የሚል አዲስ ሰሌዳ ሰቀለ፤ ዘየማንም ሳይውል ሳያድር «እኛ ዘንድ ሁለቱም ጆሮ በነጻ» ብሎ መለሰ። መሣሪያው አስፋልቱን ሲሻገር ሁለተኛ ጎማው ወለቀ።

እነሆ በመጋቢት፥ የበልጉ ዝናብ በሰንበቴ በወረደበት ከሰዓት፥ አያ ሲራጅ በቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ከአጥሩ ማዶ በነጅዋ አዲስ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ይደበድብ ነበር፥ እርሳቸውም ቀኝ ጆሯቸውን ወደዚያ አዞሩ። በእገዳው ያጡትን የሦስት እሑድ ገቢ አስበው ምርር ብለው አዘኑ፥ ቆርቆሮውንም ቀስ ብለው ሰደቡት፤ ነገር ግን ጆሯቸውን ከዚያ አላነሡም። የማሽላዋ ፍሬ በፋሻዋ እንደ ተጠቀለለች በኪሳቸው ነበረች። ገናናው፥ ባለ ሽመሉ፥ በአራት በሽታ ተከሰው ከአራቱም ነጻ የወጡ፥ የቀኝና የግራ ነገሥታትን በባዶ ሆዳቸው ያሸነፉ፥ በአንዲት ማሽላ የተማረኩ አያ ሲራጅ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እዚያው ተቀምጠው ሰሙ።